ለሆቴልና ለጉዞ የሚሆን ክሬዲት ካርድ ስመርጥ ያየሁት

የመጀመሪያው ካርዴ ላይ 90 ሺህ ነጥብ የሞላ ዕለት በጣም ደስ አለኝ። 14 ወር ሙሉ ነዳጁንም፣ አስቤዛውንም፣ የስልኩንም ሂሳብ በዚያ ካርድ ስከፍል ነው የከረምኩት። ካርዱ የአንድ ትልቅ የሆቴል ሰንሰለት (በብዙ ቦታ ሆቴሎች ያሉት ድርጅት) ስም ያለበት ነበር፤ በከፈልኩበት ቁጥር ነጥብ ይሰጠኛል፣ ነጥቡም በሰንሰለቱ ሆቴሎች ለማደር ይሆናል። እናቴን ይዤ ለአራት ሌሊት ወጣ ልል አሰብኩ። ማደሪያው በነጥብ፣ ሌላው ከኪሴ።

ድረ ገጹን ከፍቼ ቀኑን ሳስገባ አንዱ ሌሊት 45 ሺህ ነጥብ ይላል። ያ ሁሉ ነጥብ ሁለት ሌሊት ብቻ ሆነ። የቀሩትን ሁለቱን ከኪሴ ከፈልኩ። ስንወጣ ደግሞ ሪሴፕሽን ላይ ለእያንዳንዱ ሌሊት 30 ዶላር የሪዞርት ክፍያ፣ ማለትም ሆቴሉ ከክፍሉ ዋጋ ውጪ የሚጠይቀው ክፍያ፣ ተጨመረብኝ። በነጥብ ያደርንባቸው ሌሊቶችም አልቀሩም። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ «ተከፍሏል አላልሽም እንዴ?» አለችኝ።

ቤት ስገባ ሂሳቡን ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ክፍሉ በገንዘብ ቢሆን ከነታክሱ 200 ዶላር ነው። ስለዚህ 90 ሺህ ነጥቤ 400 ዶላር ሆነ። አንዱ ነጥብ ግማሽ ሳንቲም እንኳ አልሞላም። ለካርዱ ሁለት ጊዜ 95 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ ተቆርጦብኛል፤ አንዴ ሲከፈት፣ አንዴ ዓመቱ ሲዞር። 190 ዶላር ሲቀነስ የቀረኝ 210 ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በካርዱ 18 ሺህ ዶላር አውጥቻለሁ። ዓመታዊ ክፍያ የሌለው፣ ከሁሉም ግዢ ላይ 1.5 በመቶ የሚመልስ ተራ ካሽባክ ካርድ ብይዝ ኖሮ 270 ዶላር በጥሬው አገኝ ነበር። ያውም የመመዝገቢያ ቦነስ (አዲስ ካርድ ለሚያወጣ ሰው የሚሰጥ ጉርሻ) ሳይቆጠር። የእኔ 90 ሺህ ግን 50 ሺውን ያገኘው ከቦነሱ ነው።

ካርዱ መጥፎ ነበር ማለቴ አይደለም። ለሌላ ሰው ጥሩ ካርድ ነው። ለእኔ ኑሮ ግን አልተሠራም ነበር፤ እኔም ያንን ሳላጣራ ነው ያወጣሁት። ስለዚህ አሁን ካርድ ልታወጡ የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ማመልከቻውን ከመሙላታችሁ በፊት ያለፉትን 12 ወራት ስቴትመንት (ባንኩ የሚልከውን የወጪ ዝርዝር) ክፈቱ።

እኔ ሁለተኛውን ካርድ ከማውጣቴ በፊት ያደረግኩት ይህንኑ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓቴን ወሰደብኝ። ወጪዎቹን በአምስት ክፍል ለየሁ፦ ሆቴል፣ አውሮፕላን፣ ምግብ ቤት፣ አስቤዛና ነዳጅ፣ የቀረው። ያገኘሁት ከገመትኩት በጣም የራቀ ነው። ብዙ የምጓዝ ሰው ነኝ ብዬ አስብ ነበር። በዓመቱ ሆቴል ያደርኩት 11 ሌሊት ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ካርዴ ላይ ስሙ ባለው ሰንሰለት ያደርኩት ሦስቱን ነው። አምስቱ የየትኛውም ሰንሰለት አባል ባልሆኑ ትንንሽ ሆቴሎች ነበሩ። ትልቁ ወጪዬ አስቤዛና ነዳጅ ሆኖ ተገኘ። የሆቴል ካርዱ ደግሞ ጥሩ ነጥብ የሚሰጠው በራሱ ሆቴል ስታርፉ ነው።

ከዚያ ሌላም ነገር አየሁ። ደጋግሜ የምሄድባቸውን ከተሞች ስም ጽፌ የሰንሰለቱን ሆቴሎች በካርታ ላይ ፈለግኩ። በሁለቱ ከተሞች አንድም የለም። በአንዱ ያለው ከምሄድበት ቦታ የ40 ደቂቃ መንገድ ነው። ማሪዮት፣ ሂልተን፣ ሃያት፣ አይኤችጂ፣ አኮር ሁሉም ትልልቅ የሆቴል ሰንሰለቶች ናቸው፤ ግን ሥርጭታቸው እኩል አይደለም። ሃያት ከማሪዮትና ከሂልተን ጋር ሲነጻጸር የሆቴሎቹ ቁጥር በጣም ያንሳል። አኮር አውሮፓ ውስጥ በብዛት አለ። የነጥቡ ቁጥር ከማስደሰቱ በፊት እናንተ የምትሄዱበት ቦታ ሆቴል አለው ወይ የሚለውን ተመልከቱ።

ወደ ነጥብ ዋጋ ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የአንዱ ሰንሰለት አንድ ነጥብ ከሌላው አንድ ነጥብ ጋር እኩል አይደለም። 100 ሺህ ነጥብ የሚሰጥ ካርድ 40 ሺህ ከሚሰጠው ሊያንስ ይችላል። ሂሳቡ ቀላል ነው። ክፍሉ ከነታክሱ በገንዘብ ስንት ነው? ከዚያ ላይ በነጥብ ስታድሩም የማይቀርላችሁን ክፍያ ቀንሱ። ቀሪውን ለሚጠየቀው ነጥብ አካፍሉ። ይህን የምትሠሩት በእውነት ልትሄዱበት ባሰባችሁት ሆቴልና ቀን ይሁን። እኔ ለአምስት የተለያዩ ቀኖች ሠርቼ መሃሉን ወሰድኩ። የሪዞርት ክፍያን በተመለከተ ሂልተንና ሃያት ሙሉ በሙሉ በነጥብ ለተያዘ ሌሊት አያስከፍሉም። ሌሎቹ ጋ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ።

አኮር ከሌሎቹ ለየት ይላል። 2,000 ነጥብ 40 ዩሮ ቅናሽ ነው፤ ተቆርጦ የተቀመጠ ነው። ብዙ ማትረፍ የሚፈልግ ላይወደው ይችላል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ያረጋጋኛል፤ የያዝኩትን አውቀዋለሁ።

በዚህ ሂሳብ ላይ ታላቅ እህቴ አንድ ጥያቄ ጨመረችብኝ። አንድ የባሕር ዳርቻ ሆቴል በገንዘብ 600 ዶላር፣ በነጥብ 40 ሺህ የሚል አግኝቼ «አንዱ ነጥብ አንድ ሳንቲም ተኩል ወጣ!» ብዬ ደወልኩላት። «ነጥብ ባይኖርሽ ከኪስሽ 600 ዶላር ከፍለሽ እዚያ ታድሪ ነበር?» አለችኝ። አላድርም። ለአንድ ሌሊት ከ180 በላይ ከፍዬ አላውቅም። ታዲያ ለእኔ የዚያ ነጥብ ዋጋ 600 ሳይሆን 180ው ነው። ከዚያ ወዲህ ሁሌም የምቆጥረው እኔ ልከፍለው በምችለው ዋጋ ነው። አንዳንዴ ደስ ለሚል ቦታ ነጥብ ማውጣት ምንም ክፋት የለውም። ካርድ ስታወዳድሩ ግን ያን ዋጋ አትጠቀሙ።

የካርዶቹን ዓይነት በአጭሩ ልንገራችሁ። የሆቴል ስም ያለበት አለ፤ ነጥቡ እዚያው ሰንሰለት ውስጥ ነው የሚሠራው። የአየር መንገድ ስም ያለበት አለ፤ ማይል የሚባል የበረራ ነጥብ ይሰጣል። ሦስተኛው ባንኩ የራሱን ነጥብ የሚሰጥበት ነው፤ ያንን ነጥብ ወደ ተለያዩ አየር መንገዶችና ሆቴሎች ማዛወር ይቻላል። አራተኛው ካሽባክ ነው። በአንድ ሰንሰለት ብቻ በዓመት 20 እና 30 ሌሊት የሚያድር ሰው የመጀመሪያው ይሻለዋል። የአየር መንገድ ካርድ ለሚይዝ ደግሞ የአሊያንስ (የአየር መንገዶች ስብስብ) ነገር ይጠቅመዋል። ስታር አሊያንስ፣ ዋንወርልድና ስካይቲም የሚባሉ ሦስት ትልልቅ ስብስቦች አሉ። ያጠራቀማችሁትን ማይል በዚያው ስብስብ ውስጥ ባለ ሌላ አየር መንገድ መቀመጫ ላይ ማዋል ትችላላችሁ። እንደኔ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ለሚያድር ሰው ሦስተኛውና አራተኛው ይቀላሉ።

የሚዛወር ነጥብ ሲባል ግን ጥንቃቄ አለው። አንዴ ካዛወራችሁት አይመለስም። እኔ አንድ ጊዜ በነጥብ የሚገኝ ክፍል አይቼ 30 ሺህ ነጥብ ወዲያው አዛወርኩ። የሚደርሰው ወዲያው መስሎኝ ነበር። ሁለት ቀን ፈጀ። ሲደርስ ክፍሉ ተይዟል። ነጥቡ እዚያ ሆቴል ሂሳብ ውስጥ ለሰባት ወር ያህል ተቀመጠ፤ መጨረሻ ላይ ብዙም ባልፈለግኩት ከተማ ተጠቀምኩበት። አሁን ከማዛወሬ በፊት ሁለት ነገር አጣራለሁ። አንደኛ ዝውውሩ ስንት ጊዜ ይፈጃል። ሁለተኛ ክፍሉ በዚያ ቀን በነጥብ አሁንም ክፍት ነው ወይ። ሦስተኛም አለ፤ ምጣኔው፣ ማለትም የባንኩ ነጥብ ስንት የሆቴል ነጥብ እንደሚሆን። አንድ ለአንድ ካልሆነ ከመጀመሪያው ኪሳራ ሊኖረው ይችላል።

ነጥብ አታከማቹ። ይህን ስል ከልቤ ነው። ነጥብ ገንዘብ አይደለም፤ ባለቤቱ ድርጅቱ ነው። ዋጋውን ሲፈልግ ይቀይረዋል። ሂልተን እ.ኤ.አ. በ2017 ለአንድ ሌሊት ስንት ነጥብ እንደሚያስፈልግ የሚያሳየውን ቋሚ ሰንጠረዥ ተወው። ማሪዮትም እ.ኤ.አ. በ2022 የራሱን ተወ። ከዚያ በኋላ የነጥቡ ዋጋ እንደ ገበያው ከፍና ዝቅ ይላል። ዛሬ 30 ሺህ ያለው ክፍል በበዓል ሰሞን 55 ሺህ ቢል የሚከራከረው ሰው የለም። ደግሞም ይቃጠላል። በማሪዮት፣ በሂልተንና በሃያት ሂሳባችሁ ላይ ለ24 ወር ምንም እንቅስቃሴ ከሌለ ነጥቡ ይጠፋል። አይኤችጂ ላይ ልዩ የአባልነት ደረጃ (ለምሳሌ ብዙ ለሚያድር ደንበኛ የሚሰጥ ማዕረግ) ለሌለው አባል ጊዜው 12 ወር ነው። ትንሽ ነጥብ ማግኘት ወይም መጠቀም ብቻ እንኳ ጊዜውን ያድሰዋል።

የሌላ አገር ሰው ካርድ አይታችሁ አትናደዱ። በሌላ አገር የምትኖር የአጎቴ ልጅ 80 ሺህ የመመዝገቢያ ነጥብ አገኘሁ ስትለኝ እኔ ባለሁበት የዚያን ያህል የሚሰጥ ካርድ አጥቼ ነበር። ምክንያቱን በኋላ ነው የገባኝ። ካርድ ባንሸራተትን ቁጥር ሻጩ ከሽያጩ ላይ የተወሰነ በመቶ ይከፍላል። ትልቁ ድርሻ ካርዱን ወደሰጠው ባንክ ይሄዳል። ነጥቡ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ገንዘብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2015 ጀምሮ ይህ ድርሻ ለግለሰብ ክሬዲት ካርድ ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። አሜሪካ ውስጥ ለክሬዲት ካርድ እንዲህ ያለ ገደብ ስለሌለ ድርሻው ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የአሜሪካ ካርድ ጉርሻው ትልቅ፣ የአውሮፓው ትንሽ ነው። ማወዳደር ያለባችሁ እናንተ ባላችሁበት አገር የሚሰጡትን ካርዶች እርስ በርስ ነው።

የመመዝገቢያ ቦነስ ትልቁ ማባበያ ነው። ጥሩ ነገርም ነው፤ በደንብ ከተያዘ። «በሦስት ወር 3 ሺህ ዶላር ካወጡ 60 ሺህ ነጥብ» ይላል እንበል። እኔ አንዱን በ25 ዶላር አጣሁት። እንዴት መሰላችሁ? 3,060 ዶላር አውጥቻለሁ። ጊዜው ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው ቀደም ብዬ የሰረዝኩት የሆቴል ክፍያ 85 ዶላር ተመለሰ። ተመላሽ ገንዘብ ከወጪው ላይ ይቀነሳል። 2,975 ሆነ። ደውዬ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ የሰማኝ የለም። ቀኑም የሚቆጠረው ካርዱ እጄ ከገባበት ሳይሆን ማመልከቻው ከጸደቀበት ቀን ነበር፤ በፖስታ እስኪደርስ አሥር ቀን ሄዷል። ዓመታዊ ክፍያው ራሱ በወጪነት አይቆጠርም። በካርዱ ከማሽን የሚወጣ ጥሬ ገንዘብም አይቆጠርም። አሁን ከገደቡ ቢያንስ 200 ዶላር አስበልጣለሁ፤ ሦስት ሳምንት ሲቀረውም እጨርሳለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ካርዱን የማወጣው ድሮም የማይቀር ትልቅ ወጪ ከፊቴ ሲኖር ነው። የመኪና ኢንሹራንስ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤተሰብ የአውሮፕላን ትኬት። ለነጥብ ብሎ የማያስፈልግ ዕቃ መግዛት ኪሳራ ነው።

አሁን ደግሞ ካርድ ከመያዜ በፊት ቢነገረኝ ብዬ የምመኘውን ልንገራችሁ። «ለሆቴል አምስት እጥፍ ነጥብ» የሚል ካርድ ይዤ የሦስት ሌሊት ማደሪያ በአንድ የጉዞ ወኪል ድረ ገጽ ያዝኩ። በወሩ መጨረሻ ነጥቤን ሳይ አንድ እጥፍ ብቻ ነው። ስህተት መስሎኝ ደወልኩ። ስህተት አልነበረም። እያንዳንዱ ነጋዴ ባለ አራት አሃዝ የዘርፍ ኮድ አለው። የሆቴል 7011 ነው፤ ትልልቆቹ ሰንሰለቶች የየራሳቸው ኮድ አላቸው። የጉዞ ወኪል 4722 ነው። ባንኩ የሚያየው ያደራችሁበትን አልጋ ሳይሆን ገንዘቡን የተቀበለውን ነጋዴ ኮድ ነው። «ለጉዞ» የሚል ካርድ ብዙ ጊዜ ወኪሉንም ያቅፋል። «ለሆቴል» የሚለው ላያቅፍ ይችላል። ይህች አንዲት ቃል ናት ልዩነቷ።

በወኪል መያዝ ሌላም ነገር ያሳጣል። ትልልቆቹ ሰንሰለቶች በሌላ ድረ ገጽ በኩል ለተያዘ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውን ነጥብ አይሰጡም። ካርዱ ያስገኘላችሁ የአባልነት ደረጃ ቢኖርም ቁርሱን ወይም ዘግይቶ መውጣቱን ላያከብሩት ይችላሉ። እኔ አሁን ዋጋውን በወኪል ድረ ገጽ አያለሁ፤ ከዚያ ሆቴሉ የራሱ ገጽ ላይ ገብቼ አወዳድራለሁ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ በቀጥታ ሆቴሉ ጋ እይዛለሁ። ለሰንሰለት አባል ላልሆኑት ትንንሽ ሆቴሎች ግን ወኪሉ ርካሽ ከሆነ ወኪሉን እመርጣለሁ፤ የማጣው ነገር የለም።

ከአገር ስትወጡ ሁለት ነገር ኪሳችሁን ይነካል። አንደኛው የውጭ አገር ግብይት ክፍያ ነው። ብዙ ካርዶች ላይ 3 በመቶ አካባቢ ነው። የመጀመሪያው ካርዴ ይህ ክፍያ ነበረበት። በአንድ ጉዞ 2,100 ዶላር አውጥቼ 63 ዶላር ተቆረጠብኝ። 2 በመቶ ነጥብ እየሰጠ 3 በመቶ የሚቆርጥ ካርድ የጉዞ ካርድ ሊባል አይገባም። ቤታችሁ ተቀምጣችሁ የውጭ ሆቴል ብትከፍሉም ሊቆረጥ ይችላል። ይህ ክፍያ የሌለባቸው ካርዶች አሉ፤ ለሚጓዝ ሰው ይህን የመጀመሪያ መስፈርት አድርጉት።

ሁለተኛው የክፍያ ማሽኑ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ነው። ሪሴፕሽን ላይ ካርዱን ስትሰጡ «በዚህ አገር ገንዘብ ልቁረጥ ወይስ በካርድዎ ገንዘብ?» ይባላል። በራስ ገንዘብ መክፈል የሚሻል ይመስላል፤ ቁጥሩ ይገባናላ። ነገር ግን በዚያ ምርጫ ምንዛሪውን የሚወስነው የማሽኑ አቅራቢ ነው፤ የራሱንም ትርፍ ይጨምርበታል። በአገሩ ገንዘብ ስትሉ ግን ምንዛሪውን የሚሠራው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ነው፤ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይሻላል። አንዳንዴ ሠራተኛው ሳይጠይቅ ራሱ ይመርጥላችኋል። ከመፈረማችሁ በፊት ደረሰኙ ላይ የገንዘቡን ዓይነት እዩ። የራሳችሁ አገር ገንዘብ ከሆነ «ሰርዘው በአገሩ ገንዘብ ቁረጡልኝ» በሉ። መብታችሁ ነው።

ወለድ ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ ባደርግ ደስ ይለኛል። በወር በወሩ ሙሉ ሂሳቡን መክፈል የማትችሉበት ጊዜ ላይ ካላችሁ እባካችሁ የጉዞ ካርድ ነገር ይቆይ። በብዙ ካርዶች ዓመታዊ ወለዱ ከ20 በመቶ ያልፋል። 1,000 ዶላር ዕዳ በ24 በመቶ ወለድ በወር 20 ዶላር ያስከፍላል። በዚያ 1,000 ዶላር ያገኛችሁት ነጥብ ደግሞ 2 በመቶ ቢሆን 20 ዶላር ነው። አንድ ወር ብቻ ብታዘገዩ ተካካሰ፤ በሁለተኛው ወር እናንተ ናችሁ ከፋዮች። ሙሉውን በቀኑ ስትከፍሉ ወለድ የማይታሰብበት የእፎይታ ጊዜ አለ። ትንሽ ካስቀራችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ እፎይታው ይነሳና አዲስ የምትገዙት ነገር ሁሉ ከዚያው ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል። እኔ ሙሉው ሂሳብ በራሱ እንዲከፈል ከባንክ ሂሳቤ ጋር አያይዤዋለሁ።

ዓመታዊ ክፍያ መጥፎ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ጥያቄው የምትከፍሉበትን ነገር ባይኖርም ትገዙት ነበር ወይ ነው። በካርዱ የአውሮፕላን ማረፊያ ላውንጅ (ልዩ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል) መግባት ጥሩ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚበር ሰው ግን ሁለት ሳንዱችና ቡና ነው። የአንድ ሌሊት ነፃ ማደሪያ የሚሰጡ የሆቴል ካርዶች አሉ፤ ዓመታዊ ክፍያውን ብቻውን ሊያካክስ ይችላል። ግን የዋጋ ጣሪያም ማብቂያ ቀንም አለው። አንዲት ጓደኛዬ ለአንድ ዓመት ይዛው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው ያስታወሰችው። ለረዘም ያለ ቆይታ የሚጠቅመው ሌላ ነው። ማሪዮት አምስት ተከታታይ ሌሊት በነጥብ ስትይዙ የአራቱን ብቻ ያስከፍላል። ሂልተንም የሲልቨርና ከዚያ በላይ ደረጃ ላለው አባል አምስተኛውን ሌሊት ነፃ ያደርጋል፤ ያ ደረጃ ደግሞ በካርድ ብቻ ሊገኝ ይችላል።

ብዙ ሰው የማያየው ጥቅም ኢንሹራንሱ ነው። አንድ ጊዜ ሻንጣዬ ሁለት ቀን ዘገየ። ትኬቱን የከፈልኩት በካርዱ ስለነበር የገዛሁትን ልብስና የንጽሕና ዕቃ ወጪ አስመለስኩ። ለዚህ ያገዘኝ ሁለት ነገር ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳልወጣ ሻንጣው እንዳልመጣ የሚገልጽ ወረቀት ከአየር መንገዱ ተቀበልኩ። ደረሰኞቹን ሁሉ ደግሞ ፎቶ አነሳሁ። ሽፋኑ የሚሠራው ትኬቱ በካርዱ ከተከፈለ ነው፤ በነጥብ ከሆነ ታክሱን በዚያው ካርድ መክፈል የሚበቃ መሆኑን ውሉ ላይ አንብቡ።

ሆቴል ስትገቡ ደግሞ ከክፍሉ ዋጋ በላይ የተወሰነ ገንዘብ ካርዱ ላይ ያስይዛሉ። ስትወጡ ይለቃሉ፤ ግን ባንኩ ጋ እስኪታይ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። በዴቢት ካርድ ከሆነ የተያዘው የራሳችሁ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ለሌላ አታንቀሳቅሱትም። በክሬዲት ካርድ ከሆነ የብድር ጣሪያችሁን ነው የሚያጠበው። ጣሪያዬ ዝቅተኛ በነበረበት ጊዜ በሦስት ሆቴል ተከታታይ አድሬ በሦስተኛው ካርዱ እምቢ አለኝ። እናቴ ሻንጣውን ይዛ ቆማ፣ እኔ ባንክ ስደውል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ካርድ ነው የምይዘው፤ አንዱ ቪዛ፣ አንዱ ማስተርካርድ። የሚቀመጡትም በተለያየ ቦርሳ ነው።

አሁን ያለኝ አንድ ነጥቡ የሚዛወር ካርድ ነው፤ የውጭ ግብይት ክፍያ የለውም። ሌላው ዓመታዊ ክፍያ የሌለው ካሽባክ ነው፤ ለአስቤዛና ለነዳጅ። የመጀመሪያውን የመረጥኩት አንድ ማምለጫ ስላለው ነው። ሆቴል ባላገኝ ነጥቡን አንዱን በአንድ ሳንቲም ሂሳብ በጥሬው ማውጣት እችላለሁ። ስለዚህ ሆቴል ላይ ከአንድ ሳንቲም በታች የሚያወጣ ከሆነ አላዛውርም።

ባለፈው ከእናቴ ጋር እንደገና ሄድን፤ በዚህ ጊዜ አምስት ሌሊት። አንዱ ሌሊት 16 ሺህ ነጥብ ነበር። አምስተኛው ነፃ ስለሆነ 64 ሺህ አዛወርኩ። ክፍሉ በገንዘብ ለአምስቱም 825 ዶላር ይል ነበር። አንዱ ነጥብ 1.29 ሳንቲም ወጣ። 165 ዶላር ለአንድ ሌሊት ከኪሴም ቢሆን የምከፍለው ዋጋ ነው። የሪዞርት ክፍያ አለመኖሩን ከመሄዳችን በፊት በኢሜይል ጠይቄ መልሱን ይዤ ነበር። ስንወጣ ደረሰኙ ላይ ያለው እናቴ የጠጣችው የሁለት ሻይ ሂሳብ ብቻ ነው።

የካርዱ ዓመታዊ ክፍያ ሊመጣ 40 ቀን ሲቀረው ስልኬ ያስታውሰኛል። ያን ቀን ስቴትመንቶቹን እንደገና እከፍታለሁ። በመጪው ዓመት አንድ ጉዞ ብቻ ነው ያለኝ። ስለዚህ ደውዬ ክፍያ ወደሌለው ካርድ እንዲቀይሩልኝ ልጠይቅ ነው። ሂሳቡን ከመዝጋት ይሻላል፤ የክሬዲት ታሪኬ አይቋረጥም። ከመደወሌ በፊት ግን የቀረኝን 11 ሺህ ነጥብ አወጣዋለሁ፤ አዲሱ ካርድ ነጥብ ማዛወር አይፈቅድም።